የ«ሞተሮቹ» አሥራ አራተኛ ክፍል

የምንኖርበት ሕንፃ ሊፍት ወለል ላይ ያ የኮሮና ጊዜ የእግር ምልክት እስካሁን አለ። አራት ክብ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ጫማ፤ ቢጫው ደብዝዞ ዳር ዳሩ ተላጧል። ስንት ጊዜ ለዘበኛው ነገርኩት። «ሐዲር፣ እሺ፣ ማዳም» ይለኛል፤ ምልክቱ ግን እዚያው ነው። ትናንት ከሥራ ስመለስ ሊፍቱ ውስጥ ብቻዬን ገብቼ፣ ሳላስበው አንዱ ክብ ላይ ቆሜ ተገኘሁ። እግሬ ራሱ ለምዶ ሄደበት። ያን ጊዜ ነው ንዴቴ እንደ አዲስ የተነሣው። ሰው የኮሮናን ዘመን ሲያነሣ ስለ ማስክ፣ ስለ አፍንጫ ምርመራ፣ ስለ ተዘጋ ገበያ ያወራል። እኔ የማስታውሰው ካርቱን ነው። አዎ፣ ካርቱን፤ ስልሳ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሴትዮ። የሚስቅ ይሳቅ።

ካርቱኑ የሞተር ሳይክል ትርኢት እያሳዩ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ሰዎች ታሪክ ነው። እውነተኛ ስሙ ረጅም ነበር፤ እኛ ቤት ግን «ሞተሮቹ» ብቻ ነበር የምንለው። እኛ ቤት ስል የራሴ ቤት እንዳይመስላችሁ። አል አይን በምትባል የዓረብ ከተማ፣ ዛኸር ሰፈር ውስጥ፣ ሞግዚት ሆኜ የኖርኩበት ቤት ነው። ከኮሮና ሃያ ዓመት ቀደም ይላል፤ ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ ዋጋውን ጠይቁኝ። ማዕዘኑ ላይ ካለው የአፍጋኖቹ መጋገሪያ ሰፌድ የሚያህል ትኩስ ዳቦ በሃምሳ ፊልስ፣ በግማሽ ድርሃም፣ ይገዛ ነበር። ሻይ በወተት አንድ ድርሃም። ደሴ ለእናቴ የምደውልበት ካርድ ሠላሳ ድርሃም ነበር፤ እሱም «እንዴት ናችሁ» ተባብለን ሳንጨርስ ያልቃል። የምለብሰው ሰማያዊ ዩኒፎርም ነጭ አንገትጌ ነበረው፤ የሰፈሩ ሕንዳዊ ልብስ ሰፊ እጅጌውን ሁልጊዜ አሳጥሮ እየሰፋ ያናድደኝ ነበር። በልብስ መተኮሻዋ ክፍል ከአገር ያመጣኋት አንዲት ካሴት ነበረች፤ አንደኛው ጎኗ በሙቀት ተበላሽቶ ዘፋኙ እንደ ሰካራም ይጎተታል። እኔ ግን ሁለቱንም ጎን እሰማ ነበር። በመስኮት በኩል ጀበል ሃፊት ይታያል፤ ወደ ተራራው የሚወጣው መንገድ ማታ ማታ መብራቱ ሲበራ እንደ ጥምዝ ክር ይሆናል።

የማሳድገው ልጅ ሐመድ ይባላል። ገና ሳይራመድ ተቀበልኩት፤ ከቤቱ ስወጣ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ስሜ አስካለ ነው፤ እሱ አፉን ሲፈታ «ካላ» አለኝ፣ ካላ ሆኜ ቀረሁ። እናቱ፣ ማዳም፣ አስተማሪ ነበረች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እግዜር ይይልኝ፣ ክፉ አልላትም። ግን ከትምህርት ቤት ደክሟት ትመጣለች፣ ዐባያዋን አውልቃ ትተኛለች። «ሞተሮቹ» የሚጀምረው ልክ እሷ በምትተኛበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ቀንሰን፣ እኔና ሐመድ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለን እናያለን። ሁለታችን። ይህን ያዙልኝ፣ ሁለታችን ብቻ።

የታሪኩ ባለቤት ሪም የምትባል ቢጫ ሄልሜት የምታደርግ ልጅ ነበረች። አያቷ መካኒክ ነው፤ ሁልጊዜ እያጉረመረመ ሞተር ይፈታል። ሁለት መንታ ወንድማማቾች ደግሞ አሉ፣ በአንድ ሞተር ላይ ተደራርበው በእሳት ቀለበት የሚያልፉ። በየከተማው አንድ ሆዳም ሰው «እዚህ አትጫወቱም» ይላቸዋል፤ ሪም አውቶቡስ ደርድራ ትዘላለች፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሆዳሙ ያፍራል። ይኸው ነው። ዓረብኛው ግን የመጽሐፍ ዓረብኛ ነበር፣ እንደ ዳኛ የሚናገሩት። እኔም የለመድኩት ያንን ሆነና አንድ ቀን በቃላ የሚሉት የሰፈራችን ሱቅ ሄጄ «ክቡር ሆይ፣ ሽንኩርት በአንተ ዘንድ ይገኛልን?» አልኩት ባለሱቁን። ሰውየው መዝጊያ ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በገባሁ ቁጥር ተነሥቶ ነው የሚቀበለኝ።

ሐመድ ምግብ የማይበላ ልጅ ነበር። ሩዙ በአንድ ጉንጩ ተይዞ ጀንበር ትጠልቃለች። መላ ያገኘሁለት በ«ሞተሮቹ» ነው። በሳምንት አንድ ቀን ቁርኣን የሚያስቀራው ሼኽ ካርቱኑ በሚታይበት ሰዓት ይመጣ ስለነበር ያ ክፍል ያመልጠዋል። እኔ እየተኮስኩ አየውና እራት ላይ እነግረዋለሁ፤ አንድ ዝላይ፣ አንድ ጉርሻ። አያቱ ብሎን ጠፋው፣ ጉርሻ። ሪም ሞተሯን አስነሣች፣ ጉርሻ። ስጨርስ ደግሞ እንዳገሬ «ተረቴን መልስ፣ አፌን በዳቦ አብስ» እላለሁ፣ በአማርኛ። መጀመሪያ ቀን «ምን ማለት ነው?» አለኝ፤ ተረጎምኩለት። እኛ አገር ይህ ይባላል እንጂ ተነሥቶ የሰው አፍ የሚያብስ የለም። ሐመድ ግን ትእዛዝ መሰለው። ከዳቦው ቆረሰና በትንሽ እጁ ከንፈሬን ከዳር እስከ ዳር ጠረገልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተረቱ ሲያልቅ ሳልናገር ዳቦውን ያነሣል።

አሥራ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሪም ገደል ልትዘል ተነሣች። ከወዲያ ማዶ የታመመ ሰው አለ፣ መድኃኒት ይዛለች፣ ድልድዩ ተቃጥሏል። አያቷ «ተይ» አላት፤ አልሰማችም። ዘለለች። መሀል አየር ላይ ሞተሩ ጠፋ። ድምፁ ቀጥ፣ ሥዕሉም ቀጥ። ቢጫዋ ሄልሜት ሰማይ ላይ እንደቆመች «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሐመድ እጄን ጥፍሩ እስኪገባ ይዞኛል። በቀጠሮው ቀን ከሩብ ሰዓት በፊት ተቀመጥን። ምን መጣ? ካሮት የሚተክሉ ጥንቸሎች! ሌላም ቀን ጥንቸሎች። «ሞተሮቹ» በዚያው ቀረ። ለምን እንደተቋረጠ ያስረዳን የለም። እስካሁን ድረስ ደሜ ይፈላል። ልጅን ሰማይ ላይ አንጠልጥሎ፣ ካሮት ተክሎ መሄድ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ይቅርታ እንኳ አልጻፉም። ካራቫት አሥሮ ይህን የወሰነ ሰው፣ ቤቱ ልጅ የለውም?

ሐመድ ሦስት ቀን እህል እንቢ አለ። «ካላ፣ ሪም ሞተች?» ይለኛል። እናቱ «ሐቢቢ፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ ካርቱን እኮ ነው» አለችውና ሳመችው። ኸላስ ለሷ ነው፤ ሰባት ዓመቱ ነበር። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁትና «አንተ ሳትኖር ጠዋት አሳዩት!» አልኩት። ውሸቴን ነው። ሌሊቱን ስሠራው ነበር ያደርኩት። ምሳው ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ጀመርኩ። ንፋስ የሪምን ልብስ እንደ ጃንጥላ ነፋው፣ ጉርሻ። ቁልቁል ወርዳ ወርዳ አንድ አውድማ ላይ፣ የጤፍ ጭድ ክምር ላይ ወደቀች፣ ጉርሻ። የአገሩ ሰው ሞተር አይቶ አያውቅም፤ «ይቺ በቅሎ ጭስ ትተነፍሳለች» አሉ፣ ሐመድ ሳቀ፣ ጉርሻ። አንዲት አሮጊት መጣች፤ የሪምን የተሰበረ ክንድ በለጋ ቅቤ አሽታ፣ በሸምበቆ አሥራ ጠገነቻት። መድኃኒቱም ለበሽተኛው ደረሰ። ያ አውድማ የአባቴ ነው። አሮጊቷም የኔ አክስት ናት፣ ወጌሻ ነበረች፤ የወሎ ሰው ሁሉ ክንዱን ይዞላት ይመጣ ነበር። ሐመድ ሳህኑን ጨረሰ። አፌን አበሰ። ወጣና ግቢውን በብስክሌት ሲዞር ከኩሽናው ደረጃ ዘልሎ ቅንድቡን ፈነከተ፤ ጠባሳው የኔ ጥፋት ነው።

እንግዲህ ወደ ኮሮና ልመለስ። ያን ጊዜ አቡ ዳቢ፣ አል ዛሂያ፣ እዚሁ ቤት ነበርኩ፤ እዚህ ቅርብ ያለ ክሊኒክ የጽዳት ኃላፊ ነኝ። ቤቱን የምጋራት ሜሮን ናት፣ የቢሮ ሠራተኛ፤ ጴንጤ ስለሆነች በጾሜ ትቀልዳለች፣ እኔም በጩኸት ጸሎቷ እቀልዳለሁ። ልጇ ኤደን እዚህ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ ትጨርሳለች። ያኔ እናቷ በአንዱ ክፍል ስብሰባ፣ እሷ በሌላው ክፍል ትምህርት፣ ሁለቱም ከስክሪን ጋር። አንድ ከሰዓት ታብሌቷን ይዛ መጣች። «አንቲ አስካለ፣ ሉክ! ይሄ ሰውዬ ስለ ሞተር ካርቱን እያወራ ነው፣ ሶ ፈኒ!» አየሁ። ፂም ያለው ጎልማሳ ነው፣ ነጭ ከንዱራ የለበሰ። ቅንድቡ ላይ ያ ጠባሳ።

ሐመድ ነው። ቤት መቀመጥ ሰልችቶት የድሮ ካርቱኖችን እያነሣ ያወራል፣ ብዙ ሰው ያየዋል። ስለ ሪም፣ ስለ አያቷ፣ ስለ መንታዎቹ እንዴት አድርጎ ተረከው! ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ምን አለ? «ከሰዓት ከሰዓት ከእናቴ ጋር መጅሊሱ ውስጥ እናየው ነበር።» ከእናቴ ጋር! እንባዬ ከመንገድ ተመለሰ። መጅሊሱ እንኳ ለእንግዳ ነበር፤ እኛ ምንጣፍ ላይ ነበርን! ቀጥሎ የመጨረሻውን ክፍል አነሣ። «ሪም ጭድ ላይ ታርፋለች፤ አንዲት አሮጊት ክንዷን በሸምበቆ ታሥራለች፤ ሲያልቅ ሰው አፉን በዳቦ ይጠርጋል። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ወላሂ» አለ።

የዓለም ሰው ወረደበት። «አሥራ ሦስት ክፍል ብቻ ነው የተሠራው»፣ «ውሸታም»፣ «ታዋቂ ለመሆን ነው»። አንዱ የሁሉንም ክፍሎች ዝርዝር አምጥቶ ለጠፈ። የአሥራ ሦስት ክፍል ዝርዝር ያለው ሊቅ መሆኑ ነው! እሱ ይምላል፣ እነሱ ይስቁበታል። በምድር ላይ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ በአንድ እጄ የሽንኩርት ቢላ ይዤ።

«በአካል ሄጄ ነው የምነግረው» አልኳት ሜሮንን። «ይህ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም።»

«መንገዱ ዝግ ነው እኮ እትዬ። አል አይን ያለ ፈቃድ አይገባም። ለፈቃዱ ምን ብለው ሊሞሉ ነው? ካርቱን?»

«አዎ፣ ካርቱን!»

ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ዋጠች። «ደግሞ ቢነግሩት ይጠቅመዋል? ሃያ ዓመት ሙሉ አይቻለሁ ብሎ ይዞታል። ይነጥቁታል እኮ። እስቲ ጸልዩበት።»

ነገሯ ገባኝ። ያንን ቀን ዳቦ በጁ ይዞ የተመለከተኝ ፊት ትዝ አለኝ። እውነቱን ስናገር ሪም እንደገና አየር ላይ ልትንጠለጠልበት ነው፣ በዚያ ላይ አሁን ያንጠለጠልኳት እኔ ልሆን ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ተውኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ክሊኒክ እየሄድኩ፣ እጄን በአልኮል እያሸሁ ተውኩት።

ከዚያ ሁለተኛው ቪዲዮ መጣ። ሐመድ ከስቷል። «ኸላስ፣ ተሸንፌአለሁ» አለ። «እናቴን ጠየቅኋት፣ አታስታውስም። ራሴ ፈጥሬው መሆን አለበት። ብቸኛ ልጅ ነበርኩ፤ ብቸኛ ልጅ ብዙ ነገር ይፈጥራል።»

ብቸኛ ልጅ! ታብሌቱን ልወረውረው ነበር፣ ኤደን ነጠቀችኝ። ውሸታም ቢሉት ታገሥኩ። ለእናቱ ቢሰጣት ታገሥኩ፤ እናት ናት፣ ይስጣት። ብቸኛ ሲል ግን እኔ የት ነበርኩ? ትኩሳት ሲይዘው ግንባሩ ላይ ያደረው እጅ የማን ነበር? በአሥራ ሦስተኛው ክፍል ጥፍሩን የተከለበት ክንድ የግድግዳ ነው? ዕድሜዬን፣ የጎልማሳነቴን ዘመን፣ እናቴን ሳልቀብር የቀረሁበትን ዘመን፣ «ማንም አልነበረም» ብሎ ሲዘጋው ዝም ልል? ዝም ካልኩ እኔም እንደዚያ ክፍል ያልነበርኩ ልሆን ነው።

በየዒዱ መልካም በዓል የምልላት የማዳም ቁጥር ነበረኝ፤ የት ሕንፃ እንደምኖር ጠይቃኝ የሱን ላከችልኝ። ድምፄን ቀረጽኩ፣ በዚያው በካርቱኑ ዓረብኛ። «ሐመድ፣ እኔ ካላ ነኝ። አሥራ አራተኛውን ክፍል ማንም አላሳየም። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አንተ እህል እንቢ ስትል። አውድማው የአባቴ ነው፣ አሮጊቷ አክስቴ ናት። አንተ ውሸታም አይደለህም፤ ውሸታሟ እኔ ነኝ። ይህን ከነጠቅሁህ ይቅር በለኝ። ብቸኛ ነበርኩ ያልከውን ግን ይቅር አልልህም። መልስልኝ።» ላክሁት። ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች መጡ፤ ሰምቶታል። መልስ የለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። ምነው እጄን በቆረጠው እያልኩ ስልኩን ከትራስ ሥር ከትቼ ነበር የምውለው።

በአምስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ኤደን እየሮጠች መጣች። ሐመድ አዲስ ቪዲዮ አውጥቷል። ዛኸር፣ በዚያ በድሮው ቤት፣ በልብስ መተኮሻዋ ክፍል ቆሞ ነው የሚናገረው፤ መስኮቱን አወቅሁት። «አሥራ ሦስቱን ጣቢያው ሠራ» አለ። «አሥራ አራተኛውን የሠራችው ካላ ናት፣ ኢትዮጵያዊት፣ እዚህ ቆማ ልብሳችንን ትተኩስ የነበረችው። አብረን ያየነውም እኔና እሷ ነን። ብቸኛ ነበርኩ ብያለሁ፤ ዋሽቻለሁ። አልነበርኩም።» ቀጠለና «ደግሞ አልተነጠቅሁም፤ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለው ክፍል እሱ ነው» አለ። ሜሮን ስብሰባዋን ጥላ ወጥታ፣ አፏን ይዛ ታየኛለች። እኔ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

እንባዬ ሳይደርቅ ግን ኤደን ከሥር የጻፉትን ታነብልኝ ጀመር። «እኔም አይቼዋለሁ፣ ጭዱን አስታውሳለሁ!» «እኔ ደግሞ ሸምበቆውን!» እነዚያው ውሸታም ሲሉት የከረሙት! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። የአክስቴን ሸምበቆ ከየት አባታቸው አይተውት ነው? ስጮህ ሜሮን «በቃ እትዬ፣ ተረትዎን መለሰልዎት አይደል?» አለችኝ።

«ተረቱንስ መለሰ» አልኳት። «አፌስ?»

«በዚህ በኮሮና ማን አፍዎን ይነካል!»

በሩ የተደወለው ያን ጊዜ ነው። ማስኬን አድርጌ ከፈትኩ። የዴሊቨሪ ሰውዬ ነው፣ ጓንቱን እስከ ክርኑ አድርጎ፤ ከረጢቱን ደጃፍ አስቀምጦ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ሸሸ። ሽታው ቀድሞኝ ገባ። ሰፌድ የሚያህል ዳቦ፣ አምስት፣ እንፋሎቱ ወረቀቱን አርጥቦታል።

«ማዳም፣ ይቅርታ» አለኝ ደረሰኙን እያነበበ። «ትእዛዙ ላይ ‹ለካላ፣ ለአፏ ማበሻ› ይላል። ሱቁ አልገባውም፤ ቲሹ መሆን አለበት ብለው ይህንን ጨምረዋል።» አንድ ፓኬት ቲሹ ዘረጋልኝ።

ቲሹውን እንዲመልሰው ነገርኩት። ማስኬን ወደ አገጬ ዝቅ አደረግሁ፤ ደጃፌ ላይ ፊቴን ካወጣሁ ወራት አልፎ ነበር። ከዳቦው ቆረስኩና ከንፈሬን ከዳር እስከ ዳር አበስኩ። ሰውየው ቲሹውን እንደያዘ ፈዞ ያየኛል።

«ምን ታያለህ?» አልኩት በአማርኛ። «አለቀ እኮ።»